ስሙ የማን ነው? ስለ ሰብለ ተፈራና ስለ «ትርፌ»

ባለፈው የሥነ ጽሑፍ ምሽታችን ላይ አንድ ወንድማችን ብድግ ብሎ፣ «ለመሆኑ የቴሌቪዥን ሲትኮም ኪነ ጥበብ ይባላል ወይ? ሰው ማታ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ጠዋት በምን ሳቅህ ቢሉት አያስታውስም» ሲል ጠየቀ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። መልስ የሚሰጥ ሳይገኝ ሰዓቱ አለቀና ነገሩ በዚያው ተዳፈነ። ዶርም ገብቼ ብርድ ልብሴን ከተከናነብኩ በኋላ ግን (የአሰላን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ) ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ። ምክንያቱም እኔ ጠዋት ተነሥቼም የማስታውሳት አንዲት የሲትኮም ተዋናይት አለች። ከሞተች አሥር ዓመት አልፏታል፤ እኔ ግን አልረሳኋትም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወንድማችን የቆየ መልስ ነው። ኂስ ይባል አይባል አንባቢ ይፍረድ።

ተዋናይቷ ሰብለ ተፈራ ትባላለች። ስሙን አይቶ «ማን ነበረች ደግሞ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። «ትርፌ» ብል ግን ከመካከላችን የማያውቃት የለም። የ«ቤቶች» ድራማዋ ትርፌ! አያችሁ? ነገሬ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው። የአንዲት ሰው የሕይወት ዘመን ሥራ በፊታችን ቆሞ፣ ሥራውን አውቀን ሠሪዋን ዘንግተናል።

«ቤቶች» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት በተከታታይ የታየ፣ ጥላሁን ጉግሳ ዋናውን ሚና የተጫወተበት የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ሳሎን፣ የቤቱ ሰዎች፣ ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ወጪ ገቢው ጎረቤት፤ ዓለሙ ይኸው ነው። ሠራተኛዋ ትርፌ ናት። ሰብለ ከትርፌ ሌላ «እማማ ጨቤ» በሚል መጠሪያም ትታወቅ ነበር። እዚህም ላይ ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ስሟም የራሷ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰ የመኪና አደጋ ሕይወቷ አለፈ። ዕድሜዋ ገና አርባ ግድም ነበር።

ያኔ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚሁ አሰላ፣ ስድስት ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ነበረችን። የበዓሉ ቄጤማ ገና ከየወለሉ አልተነሣም፤ እኛ ልጆቹ «አበባየሆሽ» ብለን የሰበሰብነውን ሳንቲም ስንካፈል አንዱ ልጅ ከበር እየሮጠ መጣና «ትርፌ ሞተች! ትርፌ ሞተች!» አለ። ሴቶቹ ከየክፍሉ ወጡ። ደረታቸውን የያዙ ነበሩ። ያለቀሱም ነበሩ። ሁሉም ያሉት ግን «ወይኔ ትርፌ» ነው። በዚያ ቀን በዚያ ግቢ «ሰብለ» የሚለውን ስም ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው የሰማሁት። ስለዚያች ሰው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ኂሱ። አስቂኝ ተዋናይ ስሙን የሚያጣው በሰብለ አልተጀመረም። «ደረጀና ሀብቴ» ስንል ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መኖራቸው ትዝ አይለንም፤ በአንድ ትንፋሽ እየተጠሩ እንደ አንድ ሰው ሆነው ቀርተዋል። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰም እንደዚሁ ጥንድ ነበሩ። አለባቸው በኋላ ለብቻው ሲወጣ ዝግጅቱን «አለቤ ሾው» ማለቱ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ስሙ እንዳይጠፋበት በዝግጅቱ ራስ ላይ ሰቀለው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ወደ ቁም ነገር ተዋንያን ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ጉዱ ካሳንም፣ በዛብህንም፣ ሰብለ ወንጌልንም ሆኖ ተናግሯል። ዛሬም ድረስ ሰው «የወጋየሁ ድምፅ» ይላል እንጂ «የጉዱ ካሳ ድምፅ» አይልም። ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ሲሆንልን ሰውየው ራሱ አልጠፋብንም። ታዲያ ሰብለ አንዲት ገጸ ባሕርይ ሆና ለምን ጠፋችብን?

መልሱ እንዲህ ይመስለኛል። የሚያስለቅሰን ተዋናይ ሥራ እንደ ሠራ እናውቅለታለን። የሚያስቀን ግን ሥራ የሠራ አይመስለንም፤ በተፈጥሮው እንደዚያ የሆነ፣ ቤቱም ውስጥ እንደዚያው የሚያደርግ ይመስለናል። «እሷ እኮ እንደሱ ናት» እንላለን። በዚህ በኩል ሳቅና የቤት ሥራ አንድ ዓይነት ናቸው። ቤት ሲጠረግ፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ልብስ ሲታጠብ የሚያይ የለም፤ የሚታየው ሳይሠራ የቀረ ቀን ብቻ ነው። ሳቅም በቦታው ሲመጣ ማንም ልብ አይለውም፤ ሳይመጣ የቀረ እንደሆነ ነው «ይኼ ሰው አይችልም» የምንለው። እንግዲህ ሰብለ ይህን የማይታይ ሥራ በመሥራት፣ ሌላ ሥራዋ የማይታይላትን ሴት ተጫወተች ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ተሸፈነች።

የሳቅ ሥራ የተናቀ ይመስላል እንጂ ታሪኩ ትንሽ አይደለም። የዘመናዊ ቴአትራችን መነሻ የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ኮሜዲ ነበር። አውሬ እያናገረ ሹማምንቱን ስለጎነተለ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሳቅ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር? ከዚያም በኋላ ለሴት ልጅ መድረክ መውጣት ነውር ሆኖ ስለቆየ የሴቱን ሚና ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ነበር የሚጫወቱት። አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ሴቶች ስድቡንና ሐሜቱን ችለው በሩን ከፈቱ። ሰብለ የገባችው እነሱ በከፈቱት በር ነው።

የቤት ሠራተኛዋ ገጸ ባሕርይም እንግዳ ፍጥረት አይደለችም። በጥንት ሮማ የፕላውተስ ኮሜዲዎች ውስጥ ከጌታው ይልቅ ባሪያው ብልህ ነው። በሞልየር «ታርቱፍ» ውስጥ ቤተሰቡ ሁሉ በግብዙ ሰውዬ ሲታለል ወይም ሲፈራ፣ አፏን ሞልታ እውነቱን የምትናገረው አገልጋይቱ ዶሪን ናት። የቤቱን ምስጢር የሚያውቅ በጓዳ በር የሚገባና የሚወጣ ሰው ነው። ጌታው ሳሎኑን ብቻ ያያል፤ ሠራተኛዋ ሳሎኑንም ጓዳውንም ታያለች። ደራሲዎች ይህን ካወቁ ሁለት ሺህ ዓመት አልፏቸዋል። በሲትኮም ውስጥ ደግሞ ይህች ገጸ ባሕርይ ይበልጥ ታስፈልጋለች፤ ምክንያቱም ሲትኮም ከቤት አይወጣም። ወሬውን ከክፍል ክፍል፣ ከበር ወደ ሳሎን የሚያመላልስ እግር ያስፈልገዋል። ሠራተኛዋ የታሪኩ እግር ናት።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ክርክር አለ፤ ሸሽቼው ባልፍ ኂስ አይሆንም። «የቤት ሠራተኛን አስቂኝ አድርጎ ማሳየት ድሃን መሳለቂያ ማድረግ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ይህ ክርክር በሌላም አገር ተነሥቷል። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ያነበበ ሁሉ ማሚ የምትባለውን ጥቁር አገልጋይ ያስታውሳታል። በፊልሙ ላይ የተጫወተቻት ሃቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች። በሽልማቱ ምሽት ግን ከፊልሙ ጓደኞቿ ጋር አልተቀመጠችም፤ ለብቻዋ ራቅ ያለ ጠረጴዛ ተሰጣት። በኋላም «ቢዩላ» በተባለው የሬዲዮ ኮሜዲ አሁንም የቤት ሠራተኛ ሆነች። ያው ታሪክ ወደ ቴሌቪዥን ሲትኮም ሲዛወር ጥቂት ክፍሎች እንደ ተቀረጸች ታመመች፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ሞተች። በሕይወቷ ሳለች የጥቁሮች መብት ተከራካሪዎች «ጌቶቹ የሚወዱትን ሥዕል ሣልሽላቸው» ብለው ወቅሰዋታል። ወቀሳው ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሌላ ሚና የሚሰጣት አልነበረም። ጥፋቱ የተዋናይቷ ነው ወይስ ሌላ በር ያልከፈተላት ቤት?

ወደ አገራችን ስንመለስ ወቀሳው ለ«ቤቶች»ም ቢሆን ቦታ አለው። እኔ ካየኋቸው ክፍሎች ውስጥ ትርፌ ደመወዟ ስንት እንደሆነ፣ አገሯ ማን እንደሚጠብቃት፣ ማረፊያ ቀኗ መቼ እንደሆነ የሚያነሣ ትዝ አይለኝም። በጠባይዋ እንስቃለን፤ ኑሮዋን አናውቅም። ይህ የአንድ ደራሲ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የሲትኮም የራሱ ሕግ ነው። በየሳምንቱ አንድ ችግር ይፈጠራል፣ በዚያው ሳምንት ይፈታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም በቦታው ይገኛል። ሠራተኛዋ ተምራ፣ አግብታ ወይም ደመወዝ ይጨመርልኝ ብላ ብትወጣ ድራማው ይፈርሳል። ስለዚህ ሲትኮም ሠራተኛውን አያሳድግም። ስሟም የተመቸ ነው፤ ትርፌ። የጥንት የተማሪ ንቅናቄ ሰዎች ቢሆኑ «ትርፍ እሴት ማለት ይህች ናት!» ብለው አንድ መጣጥፍ ይጽፉባት ነበር። እኔ እንኳ እዚያ ድረስ አልሄድም።

አገሩም ከሲትኮሙ የተሻለ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲወጣ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ከወሰኑ ውጪ አድርጎታል። እኛ አርሲዎች ደግሞ ነገሩን በሩቁ አናየውም። ከጭላሎ ሥር፣ ከሳጉሬ፣ ከሌሙ፣ ከበቆጂ ገጠር ስንት ልጅ እግር ሴት ነው ፌስታሏን ይዛ ወደ አሰላ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው? በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ኢትዮጵያዊ ስትመልስ፣ ከተመለሱት መካከል በየቀበሌያችን የምናውቃቸው ነበሩ። እነሱም ማታ ማታ «ቤቶች»ን ያዩ ነበር። እንግዲህ ትርፌን ስንመዝን በአዲስ አበባ ሳሎን የተቀመጠውን ተመልካች ብቻ ማሰብ አይበቃም።

እኔ ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ቴሌቪዥን የነበራቸው የግቢያችን ባለቤት ብቻ ነበሩ። ደግ ሰው ስለነበሩ የተከራይ ልጆችን ያስገቡናል፤ ምንጣፉ ላይ ተደርድረን እናያለን። እናቴም ትመጣለች፤ ግን አትቀመጥም። «ግቢ እንጂ፣ ተቀመጪ» ቢሏትም «ድስት ጥጄአለሁ፣ እዚሁ ይበቃኛል» ብላ መቃኑን ይዛ ቆማ ታያለች። ድስት ያልጣደች ቀንም እንደዚያው ናት። ልጅ ሆኜ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር፤ እናቴ የምትስቅበትና ሰው ሁሉ የሚስቅበት ቦታ አይገጥምም። ቤቱ የሚስቀው ትርፌ ስትሳሳት፣ ነገር ስታምታታ፣ ስትደነግጥ ነው። እናቴ ያኔ ዝም። ትርፌ መልስ የሰጠች እንደሆነ፣ እመቤቲቱ ፊት ቆማ አንዲት ቃል የወረወረች እንደሆነ ግን እናቴ ከበር ላይ ሆና ብቻዋን ትስቅ ነበር። ሳቋ ዘግየት ይላል። እኛ ዞር ብለን እናያታለን።

ዛሬ የድሮዎቹን ክፍሎች በስልኬ ደጋግሜ ሳይ፣ የሰብለ ችሎታ ያለው እዚያ በሁለቱ ሳቆች መካከል ይመስለኛል። በአንድ ድራማ ውስጥ ሁለት ኮሜዲ ትጫወታለች። አንዱ ምንጣፍ ላይ ለተቀመጥነው ነው፤ ድምፁ ከፍ ያለ፣ ቶሎ የሚገባ፣ የቴሌቪዥን ሥራ ፍጥነት የሚጠይቀው ዓይነት። በየሳምንቱ ሲቀርብ ተመልካች በመጀመሪያው ደቂቃ ሊያውቃት ስለሚገባ ጠባይዋ ጎላ ማለት አለበት። ሁለተኛው ግን በር ላይ ለቆመችው ነው፤ ከቃሉ በፊት የሚመጣ የፊት ነገር፣ ከትእዛዙና ከ«እሺ»ው መካከል የምታስገባት አጭር ዝምታ። ያቺ ዝምታ «ሰምቻለሁ፤ ግን አስቤበታለሁ» ትላለች። ማሰብ የማይጠበቅባትን ሴት ስታስብ ማሳየት፣ ያውም ሰውን እያሳቁ፣ ቀላል ሥራ አይደለም። ደራሲ እንዲህ ያለውን ነገር ወረቀት ላይ ሊጽፈው አይችልም፤ ተዋናይ ከራሱ ያመጣዋል።

ሌላም ነገር አለ። ሰብለ ስለ ትርፌ ምሕረት አትለምንም። ብዙ ተዋንያን ድሃን ሲጫወቱ ድምፃቸውን አሳዝነው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ «እዘኑልኝ» ይላሉ። ተመልካችም አዝኖ፣ ከንፈሩን መጦ፣ ራሱን ደግ ሰው አድርጎ ይተኛል። ትርፌ ግን ቤቱን የራሷ ቤት አድርጋ ነው የምትመላለስበት። ስትቆጣ በሙሉ ቁጣዋ ነው፤ ስትደሰትም እንደዚያው። ሳቁን ወደ መሳለቂያነት እንዳይወርድ ያዳነው ይህ ይመስለኛል። በሚያሳዝን ሰው ላይ እናዝናለን፤ በሙሉ ሰው ላይ ግን መሳቅም መናደድም እንችላለን፤ አብረንም እንስቃለን። ሲትኮሙ ለትርፌ ያልሰጣትን ነገር፣ ማለት ሙሉ ሰውነትን፣ ተዋናይቷ በትወናዋ ሰጠቻት። ድርሰቱ ላይ ያለኝ ወቀሳ እንዳለ ሆኖ፣ ለሰብለ ያለኝ ምስጋና እዚህ ላይ ነው።

ዋጋው ግን ስሟ ሆነ። እዚህ ላይ ነው እናቴን መልሼ የማነሣት፤ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን እንዳልጽፍ ለምናኛለች።

እናቴ በሳጉሬና በበቆጂ መካከል ካለ ገጠር በአሥራ ሦስት ዓመቷ ወደ አሰላ መጥታ ሰው ቤት ገባች። አባቷ ያወጡላት ስም ኦሮምኛ ነው፤ ትርጉሙም ያማረ ነው። የገባችበት ቤት ሰዎች በመጀመሪያው ማታ «ይኼ ስም ለአፍ ይከብዳል» አሉና «አበባ» አሏት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም ትላለች፤ አልመቷትም፣ አላስራቧትም። ስሟን ብቻ ለወጡት። ሰባት ዓመት «አበባ» ሆና ኖረች። ገበያም «አበባ»፣ ወፍጮ ቤትም «አበባ»። አንድ ቀን የአገሯ ሰው መንገድ ላይ አይቷት በእውነተኛ ስሟ ቢጠራት ዞር ሳትል አለፈች። «ሌላ ሰው የጠራ መስሎኝ ነው» ትላለች። ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች። እኔ አልሳቅሁም።

ይህ የእናቴ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ የአርሲ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ከዚሁ ደጋ አንዲት ልጅ ሮጣ ስትወጣ ስሟን ዓለም ሳይወድ በግዱ ይለማመደዋል። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ ስታሸንፍ «ስሙ ይከብዳል፣ አበባ እንበላት» ያለ የውጭ አገር ጋዜጠኛ አልነበረም። ጥሩነሽ ዲባባንም፣ ቀነኒሳ በቀለንም ምላሱ እየተሳሰረ ጠርቷቸዋል። ከዚያው ቀዬ መጥረጊያ ይዛ የምትወጣዋ ግን ስሟን በር ላይ አስረክባ ትገባለች። ልዩነቱ የስሙ ክብደት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

እንግዲህ በዚያ የአዲስ ዓመት ሰሞን ግቢው ሁሉ «ትርፌ ሞተች» ሲል እናቴ ክፍላችን በር ላይ ቆማ ነበር። ቡና እየቆላች ስለነበር መቁያው በእጇ ነው። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ለጎረቤቶቹ እንዲህ አለቻቸው፦ «ትርፌማ አልሞተችም፤ ትርፌ የድራማ ነች። የሞተችው ሰብለ ነች። እባካችሁ ዛሬ እንኳ በስሟ ጥሯት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ኢንተላ ኮ፣ ግቢ፣ ቡናው አረረ» አለችኝ። ሴቶቹ መልስ አልሰጧትም። እኔም ያኔ አልገባኝም፤ ስለ ተዋናይቷ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለዋል። ደግ ተናግረዋል፤ ግን ስሙ የሟቹ ሲሆን ነው። ከመቃብር በላይ የዋለው «ትርፌ» ከሆነ ሰብለ ተፈራ የት ናት? አንዳንዱ ሰው «ይህማ ለተዋናይ ትልቅ ድል ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ከሷ በላይ ኖረች» ይላል። እውነትነት አለው፤ አልክድም። ነገር ግን ድሉን የምናወራው ባለ ድሉን በስሟ እየጠራን መሆን አለበት። አለዚያ እኛም ያቺን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተቀብለው «አበባ» ካሏት ሰዎች የምንለየው በምንድን ነው? እነሱም ክፉ አልነበሩም። ስሙ ስለ ከበዳቸው ብቻ ነው።

ለኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ አንድ የተለየ ዕዳ አለብን። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የመመረቂያ ጽሑፍ ስንጽፍ፣ ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ስንከራከር መዋላችን መልካም ነው። ነገር ግን በአንድ ምሽት ከጭላሎ ሥር ካለ ግቢ ጀምሮ አገሩን ሁሉ ያሳቁ ሰዎች ምን እንደ ሠሩ፣ እንዴት እንደ ሠሩት የምናስቀምጥበት ገጽ የለንም። ይህች በስቴንስል የምትባዛ መጽሔታችን ትንሽ ናት፤ ቀለሟም ቶሎ ይደበዝዛል። ቢሆንም አንድ ስም በትክክል ለመጻፍ ቦታ አታጣም።

ጥያቄውን ላነሣው ወንድማችን፦ «ጠዋት ምን ታስታውሳለህ?» ብለህ ነበር። እኔ የማስታውሰው ከትእዛዙና ከ«እሺ»ው መካከል የነበረችውን ዝምታ ነው፤ ከበር ላይ የመጣውን የእናቴን የዘገየ ሳቅ ነው። ያንን ሳቅ ከዚያ በፊት በቤታችን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያሳቀቻት ሴት ሰብለ ተፈራ ትባላለች።